ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ፦ ስለ ዓለማችን ረጅሙ የመንገደኛ በረራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሁለት ከተሞች መርጦ «ርቀታቸው ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። መልሱ አንድ ቁጥር ነው። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ሲባል ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ንፋስ አለ፣ የተዘጋ የአየር ክልል አለ፣ የነዳጅ ክብደት አለ፣ የሰዓት ልዩነት አለ። ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ለማየት ሲንጋፖርና ኒው ዮርክን የሚያህል ምሳሌ የለም። ያለ ማረፊያ ከሚደረጉት መደበኛ የመንገደኛ በረራዎች ሁሉ ረጅሙ በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል ያለው ነው። ከታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቶቹ ደግሞ ትኬት ላይ እንደሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአየር ርቀት ስንት ነው?

ከሲንጋፖሩ ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኒው ዮርኩ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ድረስ ወደ 15,349 ኪሎ ሜትር ነው። በማይል 9,537 ይሆናል። በኖቲካል ማይል ደግሞ 8,288።

ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አይተው ግራ ከተጋቡ ምክንያቱ ይኸው ነው። ተራው ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ግን 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ በየትኛው መለኪያ እንደተጻፈ ሳያዩ ማወዳደር አያዋጣም።

በረራው ኒዋርክ ላይ የሚያርፍ ከሆነም ብዙ የሚቀየር ነገር የለም። ኒዋርክ በአጎራባቹ ኒው ጀርሲ ግዛት ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በርቀት የሚለየው በጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? መሬት ላይ የለካው ሰው የለም አይደል?

የለም። በሒሳብ ነው የሚገኘው። የሁለቱን ቦታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዞ በክቡ ምድር ላይ አጭሩን መስመር ማስላት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ ካልኩሌተር ወይም ኮምፒውተር ይፈልጋል። ይህ መስመር ግን በወረቀት የሚሠራ ሆኖ ተገኝቷል።

ቻንጊ ከምድር ወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ 1.36 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው። ኬንትሮሱ 104 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ። ኬኔዲ ደግሞ 40.64 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ ኬንትሮሱ 74 ዲግሪ ምዕራብ ገደማ። አሁን ኬንትሮሶቹን ይደምሯቸው። 178 ዲግሪ ይመጣል። ለ180 ሁለት ብቻ ቀረው ማለት ነው። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በምድር ተቃራኒ ጎኖች ላይ ናቸው። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ዋልታ ወጥቶ በሌላው በኩል መውረድ ነው።

ከሲንጋፖር እስከ ዋልታው 88.64 ዲግሪ ነው። ከዋልታው እስከ ኒው ዮርክ 49.36 ዲግሪ። ድምሩ 138። አንዱ ዲግሪ በምድር ላይ 111.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲባዛ 15,346 ይመጣል። ድረ ገጾቹ ከሚሰጡት ቁጥር ጋር ያለው ልዩነት ሦስት ኪሎ ሜትር ነው። እሱም ምድር ፍጹም ክብ ስላልሆነች፣ መስመሩም በዋልታው እምብርት ላይ በቀጥታ ስለማያልፍ የሚመጣ ነው።

ካርታ ላይ ሳየው ግን አጭሩ መንገድ በፓስፊክ ወይም በአውሮፓ በኩል ይመስላል። ለምን?

ጥፋቱ የካርታው ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓለም ካርታ ክቡን ምድር በግድ ጠፍጣፋ ያደርጋል። ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን ቁጥር መሬቱን ይለጥጠዋል። ሰሜን ዋልታ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የካርታውን የላይኛውን ጠርዝ የሚያህል መስመር ይሆናል። እዚያ ላይ ቀጥ ብሎ የተሰመረ መስመር በእውነተኛው ምድር ላይ የተጠማዘዘ ነው። ጎብጦ የሚታየው ደግሞ አጭሩ ሊሆን ይችላል።

ሉል ካለ ክር ወስዶ ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ ወጠር ማድረግ ነው። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በቻይና፣ በሞንጎሊያና በሳይቤሪያ ላይ ያልፍና ከሰሜን ዋልታ 300 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ተሻግሮ በካናዳ በኩል ይወርዳል።

እሺ፣ በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በፕሮግራሙ ላይ 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ነው። እንደ አቅጣጫውና እንደ ወቅቱ ከፍም ዝቅም ይላል። በአየር ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ከዚህ ያጥራል። በጥቅምት 2018 መስመሩ እንደገና ሲከፈት የመጀመሪያው በረራ ከሲንጋፖር ኒዋርክ የደረሰው በ17 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር።

ርቀቱ ያው ሆኖ ሰዓቱ በየቀኑ የሚለዋወጠው በዋናነት በንፋስ ነው። ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበርራል እንበል። ንፋስ ከሌለ 15,349 ኪሎ ሜትሩን በ17 ሰዓት ይጨርሰዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ከፊቱ ቢገጥመው 18 ሰዓት ይሆናል። ያው ንፋስ ከኋላ ቢገፋው 16 ሰዓት ከሩብ አይሞላም። የሁለት ሰዓት ልዩነት በአንድ ቀላል ንፋስ! በዚያ ከፍታ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ታዲያ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ በሰሜን ዋልታ በኩል ነው የሚሄደው?

አይደለም። አጭሩ መንገድና ፈጣኑ መንገድ የተለያዩ ናቸው። የበረራ ዕቅድ የሚያወጡ ባለሙያዎች ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የንፋሱን ትንበያ ያያሉ። ከዚያ ትንሹን ነዳጅና ትንሹን ሰዓት የሚወስደውን መንገድ ይመርጣሉ።

ከሲንጋፖር ወደ ኒው ዮርክ ሲኬድ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የፓስፊኩ መንገድ ነው። በጃፓን አቅራቢያ አልፎ ፓስፊክን ይሻገርና በሰሜን አሜሪካ ላይ ወደ ምሥራቅ ይዘልቃል። ርቀቱ ከ16,000 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ግን ንፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ረጅሙ መንገድ ቀድሞ ያደርሳል። ሲመለስ ያንኑ መንገድ ቢይዝ ንፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። ስለዚህ በመልሱ ብዙ ጊዜ በአትላንቲክ በኩል ይሄዳል፤ ወይም ወደ ዋልታው ጠጋ ይላል።

ሁለቱ ከተሞች በተቃራኒ ጎን ያሉ መሆናቸው እዚህ ላይ ጠቀመ። በምሥራቅም በምዕራብም ቢዞሩ ርቀቱ ብዙ አይለያይም። ሄዶ ሲመለስ ምድርን አንድ ጊዜ የዞረ መንገደኛ አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን አያውቁትም፤ ፊልም ላይ ናቸው። የትኛው አውሮፕላን ዛሬ በየት በኩል እንደሄደ ለማየት ፍላይትራዳር24ን የመሰለ የበረራ መከታተያ ከፍቶ የበረራ ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል።

ወደ ምሥራቅ መብረር የሚፈጥነው ምድር ስለምትዞር ነው?

ይህን የሚል ሰው ሞልቷል። ግን ትክክል አይደለም። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። አውሮፕላኑም አየሩ ውስጥ ነው ያለው። እንዲያውም ምድር የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ስለሆነ፣ የአባባሉ አመክንዮ ቢሠራ ኖሮ ፈጣኑ አቅጣጫ ምዕራብ በሆነ ነበር።

እውነተኛው ምክንያት ጄት ስትሪም ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ኃይለኛ የንፋስ ጅረት ነው። በሞቃቱ የምድር ወገብ አካባቢና በቀዝቃዛው ዋልታ መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት ይፈጠራል። የምድር መዞር ሚናው ንፋሱን ወደ ምሥራቅ ማጠፍ ነው። ልዩነቱ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በብርዳማዎቹ ወራት ስለሚሰፋ ንፋሱም ያኔ ይበረታል። በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መንፈሱ የተለመደ ነው።

ኃይሉን ለማየት የየካቲት 2020ን አጋጣሚ ማስታወስ ይበቃል። የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ። በተለመደው ቀን ስድስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ በረራ ነው። ከምድር አንጻር ሲለካ ፍጥነቱ በሰዓት ከ1,300 ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። የድምፅን ፍጥነት ግን አልጣሰም። በዙሪያው ካለው አየር አንጻር በተለመደው ፍጥነቱ ነበር የሚበርረው።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓትና ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት «የበረራ ሰዓት» ለምን አይገጥሙም?

የአየር መንገዱ ፕሮግራም የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከበሩ ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። መድረሻው ላይ በሩ ጋ እስኪቆም ድረስ። ማኮብኮቢያው ላይ ተራ የሚጠብቅበት አለ። ካረፈ በኋላም እስከ ተርሚናሉ የሚሄድበት አለ። እንደ ኬኔዲ ባለ የተጨናነቀ አውሮፕላን ማረፊያ ይህ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ሊበላ ይችላል። በዚያ ላይ አየር መንገዶች እንዳይዘገዩ ሲሉ ፕሮግራሙ ላይ ትርፍ ደቂቃ ይጨምራሉ። «ከሰዓቱ ቀድመን ደርሰናል» የሚለው ደስ የሚል ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ትርፍ ነው የሚመጣው።

የሰዓት ልዩነቱ ስንት ነው? የምደርስበትን ቀንስ እንዴት ላስላ?

ሲንጋፖር ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ኒው ዮርክ ትቀይራለች። ከማርች ሁለተኛው እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ልዩነቱ ድፍን 12 ሰዓት ነው። በተቀሩት ወራት 13 ሰዓት። ሁልጊዜ ቀዳሚዋ ሲንጋፖር ናት።

ምሳሌ እንውሰድ፤ ጊዜው ጁላይ ነው። ከሲንጋፖር ሰኞ 00:10 ተነሡ። በረራው 18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወሰደ። ሲደርሱ በሲንጋፖር ሰዓት ሰኞ 18:50 ነው። 12 ሲቀነስ ኒው ዮርክ ላይ ሰኞ 06:50 ይሆናል። ከሌሊቱ እኩለ ላይ ተነሥተው ያንኑ ቀን ጠዋት ደረሱ።

መልሱ ሌላ ነው። ሰኞ 22:30 ከኒው ዮርክ ቢነሡ፣ ከ18 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ በኒው ዮርክ ሰዓት ማክሰኞ 17:10 ነው። 12 ሲደመር ሲንጋፖር ላይ ረቡዕ 05:10 ይሆናል። ማክሰኞን የበሉት አየር ላይ ነው።

ሆቴል ወይም ስብሰባ የሚይዙ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የመመለሻ ትኬቱ ላይ ከመድረሻው ሰዓት ጎን «+2» የሚል ትንሽ ምልክት ካለ ከሁለት ቀን በኋላ ይደርሳሉ ማለት ነው። ምልክቱን ሳያዩ የማክሰኞ ቀጠሮ እንዳይዙ።

በዚህ መስመር የሚበርረው ማን ነው? በምን አውሮፕላን?

የሲንጋፖር አየር መንገድ ነው። ወደ ኬኔዲም ወደ ኒዋርክም ይበርራል። ወደ ኬኔዲ የሚሄደው በረራ ቁጥሩ ኤስ ኪው 24 ሲሆን መልሱ ኤስ ኪው 23 ነው። የኒዋርኩ 22 እና 21።

የመስመሩ ታሪክ ራሱ ስለ ነዳጅ ብዙ ይናገራል። አየር መንገዱ በ2004 በኤርባስ ኤ340-500 ወደ ኒዋርክ ጀመረ። አውሮፕላኑ አራት ሞተር ነበረው። ርቀቱን ይችለዋል፤ ነዳጁን ግን ይጠጣዋል። በ2008 ወንበሮቹ ተቀንሰው 100 የቢዝነስ ክላስ መቀመጫ ብቻ ቀረ። እንደዚያም ሆኖ አላዋጣም። በ2013 ቆመ። ለአምስት ዓመት ያህል በሁለቱ ከተሞች መካከል ማረፊያ የሌለው በረራ አልነበረም።

በ2018 የተመለሰው ሁለት ሞተር ባለው ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር ነው። የመጨረሻዎቹ ፊደላት «እጅግ ረጅም ርቀት» ለማለት ነው። ከመደበኛው ኤ350-900 ጋር መልኩ ያው ነው። ተጨማሪ የነዳጅ ታንከር አልተገጠመለትም። የነዳጅ ሥርዓቱ ተስተካክሎ ከ141,000 ሊትር ይልቅ 165,000 ሊትር እንዲይዝ ተደረገ። እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። ይህን ዓይነት አውሮፕላን የያዘው የሲንጋፖር አየር መንገድ ብቻ ነው፤ ያሉትም ሰባት ናቸው። የኬኔዲው መስመር በኖቬምበር 2020 ተጨመረ።

ለምን ኢኮኖሚ ክላስ የለውም?

ክብደት ነው ነገሩ። 165,000 ሊትር ነዳጅ ሲመዘን 130 ቶን ያልፋል። አውሮፕላኑ ሲነሣ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት 280 ቶን ነው። ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነዳጅ ነው ማለት ነው። ለሰውና ለሻንጣ የሚተርፈው ቦታ ያንሳል።

በጣም ረጅም በረራ ሌላም ጣጣ አለው። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት የሚቃጠለውን ነዳጅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተሸክሞ መሄድ ያስፈልጋል። ያንን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። ስለዚህ አውሮፕላኑ የያዘው 161 መቀመጫ ብቻ ነው፤ 67 የቢዝነስ ክላስ፣ 94 የፕሪሚየም ኢኮኖሚ (ከተራው ኢኮኖሚ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ)። ጥቂት ሰው ተጭኖ ወጪው እንዲሸፈን ትኬቱ መወደድ አለበት። ለመንገደኛው እንዲመቸው ታስቦ ነው የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ባይሆንም መነሻው ሒሳብ ነው።

አንድ ቦታ አርፎ የሚሄደው በረራ ይሻላል?

የሲንጋፖር አየር መንገድ ራሱ በፍራንክፈርት በኩል ወደ ኬኔዲ የሚሄድ ሌላ በረራ አለው። ከሲንጋፖር ፍራንክፈርት ወደ 10,300 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ኬኔዲ 6,200 ያህል። ድምሩ 16,500። ማረፊያ ከሌለው ጋር ያለው ልዩነት 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በአየር ላይ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። ጠቅላላ ጉዞው ግን ከ23 እስከ 24 ሰዓት ይሆናል። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መቆሙ፣ እንደገና መነሣቱ ነው።

አውሮፕላን ቀይረው በሌላ ከተማ ከሄዱ ደግሞ 26 ወይም 30 ሰዓት መድረሱ ብርቅ አይደለም። ከዚያ ላይ የመዘግየት አደጋ አለ። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጣል። ሁለቱም በአንድ ትኬት ከተቆረጡ አየር መንገዱ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ለየብቻ ከገዟቸው ግን ራስዎን ችለው ነው። በርካሽ ይገኛል ብሎ ሁለት የተለያየ ትኬት መቁረጥን እኔ አልመክርም፤ ቢያንስ በመካከላቸው አንድ ሌሊት ካላደረጉ በቀር።

በጀት ካልጠበበ፣ ጀርባና እግር ከቻለ ያለ ማረፊያው ይሻላል። በኢኮኖሚ መሄድ የግድ ከሆነ ወይም ከአሥራ ሦስትና ከአሥራ አራት ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ መቀመጥ ከከበደ በፍራንክፈርት ማረፉ አያስቆጭም።

ትኬቱ አንድ የበረራ ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳየው። ያለ ማረፊያ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ከላይ ያለው የፍራንክፈርቱ በረራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቁጥር ነው ያለው። ፍራንክፈርት ላይ ግን ያርፋል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ «ማረፊያ» የሚለውን ዝርዝር ይመልከቱ። ዜሮ ካላለ ይቆማል።

የተዘጋ የአየር ክልል ጉዞን ምን ያህል ያራዝማል?

አንዳንዴ በጣም። በየካቲት 2022 የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳና አሜሪካ የአየር ክልላቸውን ለሩሲያ አውሮፕላኖች ዘጉ። ሩሲያም በአጸፋው ሰማይዋን ዘጋችባቸው። ሩሲያ ከአውሮፓ እስከ ፓስፊክ የተዘረጋች አገር ናት። በአውሮፓና በሩቅ ምሥራቅ እስያ መካከል ያለው አጭር መንገድ ደግሞ በእሷ ላይ ነው የሚያልፈው።

በጣም የተጎዳው የፊንላንዱ ፊንኤር ነው። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበት ነበር። አሁን ወደ 13 ሰዓት ተጠግቷል። አንዳንዶቹ በረራዎቹ በሰሜን ዋልታ ላይ ዞረው ነው የሚሄዱት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የካርታ ርቀት አንዲት ሜትር አልተጨመረበትም። የርቀት ማስሊያ ድረ ገጾች ዛሬም የድሮውን ቁጥር ነው የሚሰጡት። ማስሊያው ድንበርና ጦርነት አያውቅም።

18 ሰዓት ሙሉ አንድ አብራሪ ነው የሚያበርረው?

በፍጹም። አራት አብራሪዎች ይሳፈራሉ። ሁለቱ ሲያበርሩ ሁለቱ ያርፋሉ። መንገደኛ የማያያቸው አልጋ ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ። የበረራ አስተናጋጆቹም በተራ ይተኛሉ።

መሀል ውቅያኖስ ላይ አንዱ ሞተር ቢጠፋስ?

አውሮፕላኑ በአንድ ሞተር መብረር ይችላል። ዝቅ ብሎና ፍጥነት ቀንሶ በመንገዱ አቅራቢያ ወዳለ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል። ሁለት ሞተር ያላቸው አውሮፕላኖች ከማረፊያ ምን ያህል ደቂቃ መራቅ እንደሚፈቀድላቸው የሚወስን ሕግ አለ። ድሮ ገደቡ 60 ደቂቃ ነበር። ለኤ350-900 እስከ 370 ደቂቃ ተፈቅዷል። አራት ሞተር ያላቸው ግዙፍ አውሮፕላኖች ከረጅም መስመሮች እየወጡ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሁለት ሞተር ሲበቃ ለአራት ነዳጅ የሚከፍል የለም።

ይህን ያህል ሰዓት መቀመጥ ለጤና አደገኛ ነው?

ለአብዛኛው ሰው አደጋው አነስተኛ ነው። ግን አለ። ዋናው ስጋት እግር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ጥናት ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ይህን አደጋ በእጥፍ ገደማ ያሳድጋል። ጥናቱ አውሮፕላንን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ባቡር፣ አውቶቡስና መኪናም ተካተዋል። በጥቅሉ ሲታይ አደጋው የሚደርሰው ከ6,000 መንገደኛ በአንዱ ላይ ያህል ነው።

መፍትሔው የሚያስቸግር አይደለም። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መንጎራደድ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ። የመተላለፊያ ወንበር መያዝ እዚህ ይጠቅማል። መስኮቱ ያጓጓል፤ ግን የተኛን ጎረቤት መቀስቀስ እያሳፈረው ቀኑን ሙሉ ሳይነሣ የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ከዚህ በፊት ደም የረጋበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች መንገደኛ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ሐኪም ማማከር አለባት፤ አለበት።

አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። በኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። በብዙዎቹ የቆዩ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ይደርሳል። በረጅም ጉዞ ልዩነቱ ሲደርሱ በሚሰማ ድካም ይታወቃል።

ጄት ላጉ ስንት ቀን ይቆያል?

ጄት ላግ ሰውነት የአዲሱን ቦታ ሰዓት እስኪለምድ የሚሰማው ድካምና የእንቅልፍ መዛባት ነው። በግምት ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚያስተካክለው። የ12 ሰዓት ልዩነት ማለት ቀንና ሌሊት ሙሉ በሙሉ ተገልብጠዋል ማለት ነው። ከሳምንት በላይ ቢወስድ አይገርምም። ዋናው መድኃኒት ብርሃን ነው። ጠዋት ከደረሱ ውጭ ይውጡ። እንቅልፍ ካሸነፈ ግማሽ ሰዓት ሸለብ ማድረግ ይቻላል። «ትንሽ ልረፍ» ብሎ እስከ ማታ መተኛት ግን ሦስት ተጨማሪ ቀን ያስከፍላል። ለሦስት ቀን ብቻ የሚሄድ ሰው ደግሞ ባይታገል ይሻለዋል። ሰውነቱ ሳይለምድ የመመለሻው ቀን ይደርሳል።

ለሌሎች ከተሞች የጉዞ ሰዓቱን ራሴ መገመት እችላለሁ?

ይቻላል። ርቀቱን በኪሎ ሜትር ወስደው ለ850 ያካፍሉ። ለመነሣትና ለማረፍ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። በእኛ መስመር 15,349 ለ850 ሲካፈል 18 ይመጣል፤ ከግማሹ ጋር 18 ሰዓት ተኩል። ለንደንና ኒው ዮርክ 5,540 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ስሌቱ ሰባት ሰዓት ይላል። በተግባር ወደ ምሥራቅ ከዚያ ያንሳል፣ ወደ ምዕራብ ይበልጣል። ለአጭር በረራ፣ ለምሳሌ ለ300 ኪሎ ሜትር፣ ስሌቱ አይሠራም። አውሮፕላኑ ገና ከፍታውን ሳይዝ መውረድ ይጀምራል።

ድሮ ይህን የመሰለ ርቀት እንዴት ነበር የሚጓዙት?

በመቆራረጥ። የአውስትራሊያው አየር መንገድ ኳንታስ በዲሴምበር 1947 ከሲድኒ ለንደን በሎክሂድ ኮንስተሌሽን ሲጀምር ጉዞው አራት ቀን ይፈጅ ነበር። ዳርዊን፣ ሲንጋፖር፣ ካልካታ፣ ካራቺ፣ ካይሮና ትሪፖሊ ላይ ያርፋል። በአየር ላይ ብቻ 55 ሰዓት። የጫነው መንገደኛ 29 ነበር።

ከዚያ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተደረገው ደግሞ ይበልጥ ይደንቃል። ጃፓን ሲንጋፖርን ከያዘች በኋላ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ የአየር መስመር ተቋረጠ። ከ1943 እስከ 1945 ካታሊና የሚባሉ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከፐርዝ እስከ ሲሎን፣ ማለትም እስከ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ ያለ ማረፊያ በረሩ። ርቀቱ 5,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሰባት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። እነሱ ግን ከ27 እስከ 33 ሰዓት አየር ላይ ይቆዩ ነበር፤ ያውም ጠላት እንዳይሰማቸው ሬዲዮ ዘግተው። በአንድ ጉዞ ከሦስት ሰው በላይ አይጭኑም ነበር። መንገደኞቹ ፀሐይ ሁለት ጊዜ ስትወጣ ያያሉ። በሰዓት ሲለካ ከዛሬዎቹ ረጃጅም በረራዎች የትኛውም አይደርስባቸውም።

ከዚህ የሚረዝም በረራ ይመጣል?

እየመጣ ነው። ኳንታስ «ፕሮጀክት ሰንራይዝ» (ሰንራይዝ የፀሐይ መውጣት ማለት ነው) በሚል ስም ሲድኒን ከለንደንና ከኒው ዮርክ ጋር ያለ ማረፊያ ለማገናኘት አቅዷል። ስሙ የካታሊናዎቹ መታሰቢያ ነው። በ2019 በቦይንግ 787-9 ጥቂት ሰው ብቻ ጭኖ ሞክሮታል። ከኒው ዮርክ ሲድኒ 19 ሰዓት ከ16 ደቂቃ፣ ከለንደን ሲድኒ 19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ወሰደ። በመደበኛ የመንገደኛ ጭነት ግን ያ አውሮፕላን አይችለውም። ስለዚህ ኤርባስ ኤ350-1000 ታዘዘ። 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ የነዳጅ ታንከር ይገጠምለታል። መቀመጫው 238 ብቻ ሲሆን፣ ከሲንጋፖሩ በተለየ ኢኮኖሚም አለው። መንገደኞች ቆመው የሚንጠራሩበት ክፍት ቦታም ይኖረዋል። ዕቅዱ በ2027 ለመጀመር ነው።

ሲድኒና ለንደን 17,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ከሲንጋፖር–ኒው ዮርክ በ1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል። ንፋሱ ካልቀና በረራው እስከ 22 ሰዓት ሊሄድ ይችላል። መስመሩ ሲከፈት የረጅሙ በረራ ማዕረግ ወደዚያ ይዛወራል።